ፊልጶስ በአንባቢው አጠገብ፤ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስለሚመደብ የችግረኞች አገልጋይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 የተጻፈው ታሪክ ብዙ ጊዜ ይነበባል፤ ነገር ግን የዲያቆናትን ሹመት ለመንገር ብቻ የተጻፈ ይመስል ምክንያቱን ሳናስተውል የምናልፍበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። የምእመናኑ ቍጥር እየበዛ በሄደ ጊዜ፥ በኢየሩሳሌም ከነበሩት መበለቶች መካከል የግሪክን ቋንቋ የሚናገሩት በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ተዘነጉ። የዘነጋቸው ጨካኝ ሰው ተነሥቶ አይደለም፤ ቤቱ ስለ ሰፋና ጉዳያቸውን የሚከታተልላቸው የተለየ ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ። ከዚህም የተነሣ ማጕረምረም ሆነ።

ሐዋርያት በዚያን ጊዜ ያደረጉትን እናስተውል። ያጕረመረሙትን አልገሠጹም፤ ትዕግሥትን ብቻ መክረውም አላሰናበቱም። እንደዚሁም ጸሎቱንና ስብከቱን ትተው እነርሱ ራሳቸው ወደ ማዕዱ አልሄዱም። ለሥራው ሰው መደቡለት። በመልካም ስም የታወቁ፥ በመንፈስና በጥበብ የበለጸጉ 7 ሰዎች በሕዝቡ ተመርጠው፥ በሐዋርያት እጅ ተሾመው ለዚሁ ጉዳይ ቆሙ። ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ችግረኛ የሚረሳው ሁልጊዜ ክፉ ሰው ስላለ አይደለም፤ ኀላፊ ስለሌለ ነው። ሁለተኛ፥ ቃሉን ማስተማርና ማዕዱን ማስተናገድ ሁለት አገልግሎት ነው፤ አንዱ የሌላውን ሸክም ደርቦ እንዲሸከም ቢገደድ ሁለቱም ይጐዳሉ። ሦስተኛ፥ ለማዕዱ የሚሾመው ሰው ርኅሩኅ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ጥበብም ያስፈልገዋል።

ከነዚያ ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ ነው። ይህ ፊልጶስ ከ12ቱ ሐዋርያት የተቈጠረው አይደለም፤ ለማዕድ አገልግሎት የተሾመው ነው። ይህንኑ ሰው በምዕራፍ 8 በጋዛ መንገድ ላይ እናገኘዋለን። በዚያም የንግሥት ሕንደኬ ባለሥልጣን የሆነው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብብ ነበር። ያ ሹም ምን ጐደለው? ሠረገላ አለው፤ ገንዘብ አለው፤ መጽሐፉ በእጁ ነው፤ ማንበብንም ያውቃል። የጐደለው በአጠገቡ ተቀምጦ የሚመራው ሰው ነው። ፊልጶስም ከሩቅ ቆሞ አልጮኸለትም። ሮጦ ቀረበ፤ አስቀድሞ ጠየቀ፤ የሰውዬውንም ቃል ሰማ፤ ሲለመንም ወጥቶ ከጐኑ ተቀመጠ። እነሆ፥ ለእንጀራ አገልግሎት የተሾመው እጅ ለመጽሐፍ አንባቢም ደረሰለት። ማዕድና መጽሐፍ በአንድ አገልጋይ ላይ ተገናኙ።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ከዚህ ታሪክ የራቀ አይደለም። ድኾች በሚበዙበት ሰፈር በሚገኝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፥ መጽሐፍ ከሚያውሰው ሠራተኛ ሌላ፥ የተቸገረውን አንባቢ ችግር የሚሰማና መንገድ የሚያሳይ ማኅበራዊ ሠራተኛ ከሕዝብ ገንዘብ ደመወዝ ተቈርጦለት ሊመደብ ይገባልን? በዘመኑ አነጋገር «ሶሻል ወርከር» የሚሉት ነው። ይገባል ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱንም እንዘርዝር።

፩. መጽሐፍና እንጀራ በሀገራችን

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ደብር በማን ስም እንደ ተሰየመ እናስብ። በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ነው። እርሱም ቀዳሜ ሰማዕት ከመሆኑ በፊት ለመበለቶች ማዕድ ከተሾሙት ከሰባቱ የመጀመሪያው ነበረ። በዚህም ደብር በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ጉባኤ ዘርግተው፥ መጻሕፍትን አሰባስበው አስተማሩ። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለደብሩ የሰጡት ወንጌል እስከ ዛሬ የታወቀ ነው፤ በውስጡም ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቦ ይገኛል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ጉባኤ ተቀምጠው እንደ ተማሩ ገድላቸው ይመሰክራል። እንግዲህ በኛ አውራጃ የጥንቱ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት የተጠለለው በማዕድ አገልጋዩ በዲያቆኑ ስም ሥር መሆኑ ለሚያስተውል ሰው ትምህርት አለው።

የአብነት ትምህርት ቤታችን ሥርዓትም ይህንኑ ያስረዳል። የቆሎ ተማሪ ከሀገሩ ርቆ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ ከጉባኤ ሲገባ ስንቅ የለውም። መምህሩ ቃሉን ይሰጠዋል፤ መንደሩ ቍራሹን ይሰጠዋል። ቅኔ የሚቈጥረው፥ ዜማ የሚያወጣው፥ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ የሚያጠናው በየደጁ በሚያገኘው ቍራሽ ነው። የመንደሩ እናት «ይህ ልጅ መማሩ የኔ ጉዳይ አይደለም» ብትል ኖሮ ዛሬ መጽሐፉም፥ ዜማውም፥ ትርጓሜውም በተቋረጠ ነበር። ስለዚህ አባቶቻችን የተማሪውን ሆድና የተማሪውን አእምሮ ለያይተው አላዩም። ዛሬ በቤተ መጻሕፍት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ወጣት ግን አኩፋዳ የለውም፤ በየደጁም ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» አይልም። ጠግቦ ያደረውና ጦሙን ያደረው ጐን ለጐን በጸጥታ ተቀምጠው ሲታዩ ልዩነታቸው አይታወቅም።

፪. በንባብ ቤት የሚቀመጠው ማን ነው?

ደሴና ኮምቦልቻ የመንገድ ከተሞች ናቸው። ከሰሜን የሚመጣው፥ ከአፋር ቈላ የሚወጣው፥ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው በነርሱ ያልፋል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀባት ወዲህ ሥራ ፈላጊው ወጣት፥ ይልቁንም ከገጠር የምትመጣው ወጣት ሴት፥ ወደርሷ ይጐርፋል። ከወሎ ገጠር ወደ ዐረብ ሀገር የሚሄደው፥ ሄዶም ባዶ እጁን የሚመለሰው ብዙ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ መመለሳቸው የሚታወስ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ደርሶ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ቀን ድረስ ከተሞቹ በጭንቅ ውስጥ ነበሩ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፤ ሆስፒታሉም ተዘረፈ። ከዚያም በፊት ሆነ ከዚያ በኋላ ከሰሜንም ከምዕራብም የተፈናቀለው ወገናችን በደሴ፥ በሐይቅና በአካባቢው ተጠልሏል።

ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሚያነብበው፥ ወይም ለማንበብ የሚፈልገው፥ ወይም መቀመጫ ብቻ የሚፈልገው ወደ ቤተ መጻሕፍት ይመጣል። ምክንያቱም ሳይከፈልበት የሚገቡበት፥ ጣራ ያለው፥ ብርሃን ያለው፥ «ለምን መጣህ?» የማይባልበት ቤት ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ሌላ ከተማ ውስጥ ብዙ አይገኝም። ሻይ ቤት ለመቀመጥ ሻይ መግዛት ያስፈልጋል። በመሥሪያ ቤት ደጅ ለመቆም ጉዳይ ያስፈልጋል። በንባብ ቤት ግን መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ ይበቃል። ስለዚህ ከመጽሐፉ ጀርባ የተሸሸገ ስንት ጭንቀት አለ!

ለምሳሌ ከቀዬው የተፈናቀለ ወጣት ለፈተና ሊመዘገብ ይፈልጋል፤ የትምህርት ማስረጃው ግን ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል፤ የቀበሌ መታወቂያም የለውም፤ መታወቂያ ለማውጣትም ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ አምጣ ይባላል፤ ያ ቀበሌ ደግሞ ሊሄድበት የማይችል ነው። ከዐረብ ሀገር የተመለሰች ልጅ መጽሐፉን ገልጣ ትቀመጣለች፤ ዐይኗ ግን ከፊደሉ ላይ አያርፍም፤ የደረሰባትን ለእናቷም አልነገረችም። ጡረታው የተቋረጠበት ሽማግሌ ጋዜጣ ሊያነብ መጥቶ፥ ማመልከቻ የሚጽፍለት ሰው ይጠይቃል። ከዘመድ ቤት የተባረረች እናት ሕፃኗን ይዛ እስኪመሽ ድረስ በበረንዳው ትቀመጣለች።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ይህን ሁሉ ያያል። ርኅሩኅ ከሆነም ከኪሱ ይሰጣል፤ ምክር ይመክራል። ነገር ግን እርሱ የተማረው መጻሕፍትን መመዝገብና ማደራጀት ነው። ለተፈናቀለው ልጅ የትኛው ጽሕፈት ቤት ማስረጃ እንደሚሰጥ፥ ለታመመችው ልጅ የትኛው ሐኪም ዘንድ እንደሚሄዱ፥ ከቤቷ ለተባረረችው እናት ሕጉ ምን እንደሚል አያውቅም፤ ቢያውቅም ወንበሩን ትቶ ሊሄድ አይችልም። ሐዋርያት እንዳሉበት ሁኔታ ነው፤ ወደ ማዕዱ ቢሄድ መጽሐፉ ይጓደላል፤ በመጽሐፉ ቢጸና ችግረኛው ይረሳል።

፫. መጻጕዕ ያጣው ውኃ አይደለም

አንዳንድ ሰው «መንግሥት ለድኾች የሚሰጠው ርዳታ አለ፤ ጤና ጣቢያም አለ፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም አለ፤ ሌላ ሠራተኛ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፥ አለ። እንዲያውም በ2009 ዓ.ም. ገደማ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው ሥራ ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች። ለዚያ ሥራ የዓለም ባንክ 300 ሚልዮን ዶላር፥ የኢትዮጵያ መንግሥትም 150 ሚልዮን ዶላር መድበው፥ በነዚያ ከተሞች 600,000 ለሚያህሉ ድኾች እንዲደርስ ታቅዶ ነበር። መሥራት የሚችለው በአካባቢ ሥራ ተሠማርቶ ደመወዝ እንዲያገኝ፥ መሥራት የማይችለው አረጋዊና አካለ ስንኩል ደግሞ በቀጥታ እንዲረዳ የተሠራ ሥርዓት ነው። ይህ የሚመሰገን ነው።

ነገር ግን በዐቢይ ጾም በአራተኛው ሰንበት የምናስበውን የመጻጕዕን ነገር እናስታውስ። በቤተ ሳይዳ ውኃው ነበረ። የውኃው መናወጥም ነበረ። ፈውሱም ነበረ። ያ ሰው ግን 38 ዓመት በዚያው ተኝቶ ነበር። ጌታ ሲጠይቀው ውኃ አጣሁ አላለም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ እንጂ። ርዳታ አለ ማለትና ርዳታው ለሰው ደርሷል ማለት አንድ አይደለም። መዝገብ የሚከፈትበትን ቀን ያልሰማ፥ በመዝገቡ ለመግባት የሚጠየቀውን ወረቀት የማያውቅ፥ ሰልፉን ቆሞ ለመጠበቅ ጕልበት የሌለው፥ ወይም ሲጠይቁት የሚያፍር ሰው በውኃው ዳር እንደ ተኛ ይቀራል። ከርሱ በፊት ፈጣኑ ይወርዳል። ማኅበራዊ ሠራተኛ ማለት ይህን ሰው ይዞ ወደ ውኃው የሚያወርድ ማለት ነው። አዲስ ውኃ አይቈፍርም፤ ያለውን ውኃ ለደካማው ያደርሳል።

ወሎ ይህን በመራራ ፈተና ተምሯል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በደረሰው ረኀብ ሕዝባችን ወደ መንገድ ዳር ወርዶ ሲረግፍ፥ መከራው በጊዜው በግልጽ ሳይነገር፥ ርዳታውም በጊዜው ሳይደርስ ቀረ። የተራበውን በስሙ የመዘገበ፥ ጩኸቱንም ለባለሥልጣን ያደረሰ ሰው ቢኖር ስንቱ በዳነ! ያልተመዘገበ ችግር እንደሌለ ይቈጠራል። ስለዚህ የአንድ ሰው መዝገብ ይዞ መቀመጥ ቀላል ነገር አይምሰለን።

፬. ስለ ሙያው

ይህ ሙያ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት ተከፍቶ፥ በኋላም በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ነበር። ከአብዮቱ ወዲህ ተቋርጦ ቆይቶ በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በከፍተኛ ደረጃ እንደ ገና ተጀመረ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማስቀመጥ ግን በኛ ዘንድ የተለመደ አይደለም።

በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2001 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009፥ ማኅበራዊ ሠራተኛ በቋሚነት መደበ። ይህም የሆነው ቤት የሌላቸው ብዙ ሰዎች ቀኑን ሙሉ በንባብ ቤቱ ውስጥ መዋል ስለ ጀመሩ ነው። ሁለት መንገድ ነበራቸው፤ ዘበኛ ጨምሮ ማስወጣት፥ ወይም ጠይቆ መርዳት። ሁለተኛውን መረጡ። ለሥራው የሚያስፈልገውም ገንዘብ ከከተማው የጤና መሥሪያ ቤት ጋር በመተባበር ተገኘ። ከዚያም ወዲህ በዚያች ሀገር ሌሎች ብዙ ቤተ መጻሕፍት ይህንኑ ተከተሉ። ባለጸጋ ሀገር እንኳ ድኻን ከመጽሐፍ ቤት ማባረር እንደማያዋጣ ካወቀች፥ እኛማ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ዘንድ የተማርነውን እንዴት እንረሳዋለን?

፭. ገንዘቡ ለምን ከሕዝብ ሣጥን?

እዚህ ላይ ከወንድሞቻችን ከካህናት ዘንድ የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ፤ በአክብሮት እንመልስ።

የመጀመሪያው፥ «ምጽዋት የክርስቲያን ግዴታ ነው፤ መንግሥት ደመወዝ ከፍሎ ካሠራው ምጽዋት አይቀርምን?» የሚል ነው። አይቀርም። ምጽዋታችን በበዓልና በተዝካር ቀን ይበዛል፤ በማግሥቱ ይጐድላል። የሐዋርያት ሥራ የሚናገረው ግን በየዕለቱ ስለሚታደል ማዕድ ነው። በየዕለቱ የሚደረግ ሥራ ደግሞ በየዕለቱ የሚገኝ ሰውን ይፈልጋል፤ በየዕለቱ የሚገኝ ሰውም ደመወዝ ይፈልጋል። ደጉ ሳምራዊ በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 ምን እንዳደረገ እንመልከት። ዘይትና ወይን አፍስሶ ቍስሉን በገዛ እጁ አሰረ፤ ይህ ምጽዋት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለእንግዶች ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ትርፍ ወጭ ቢኖርም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ፤ ይህ በጀት ነው። አባቶቻችን ሁለቱን ዲናር በብሉይና በሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት፥ ማረፊያውንም በቤተ ክርስቲያን መስለው ተርጕመውታል። ምሥጢሩ ይህ ሆኖ ሳለ የቃሉ መልክም አይሻርም፤ አንድ ዲናር በዚያን ዘመን የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። ሳምራዊው ጠባቂውን «ለነፍስህ ስትል በነጻ አስታመው» ብሎ አልሄደም።

ከዚህም ጋር «ሲመለስ ሊከፍል» የሚለው ቃል መጤን አለበት። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ በውጭ ርዳታ በ2 ወይም በ3 ዓመት ፕሮጀክት ይጀመራል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሠራተኛው ይሰናበታል፤ ቍስለኛውም ግማሽ ቍስሉ ታስሮ በመንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የምንለምነው ቋሚ መደብ እንዲሆን ነው፤ በከተማው አስተዳደር ዓመታዊ በጀት ውስጥ ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ጋር የሚቈጠር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፥ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ዐቅም በፈቀደ መጠንም አካል ጉዳተኞችን፥ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን ለመርዳት ሀብት እንዲመደብ ያዛል። እንግዲህ የምንጠይቀው ችሮታ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ «ከጦርነት ባገገመች ከተማ፥ እንጀራ በተወደደበት ዘመን ይህ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ነው። ይህ ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባውም። የፈረሰ ትምህርት ቤት አለ፤ መድኃኒት የሚጐድለው ሆስፒታል አለ። ነገር ግን የሚጠየቀው የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ፥ በር ያላት አንዲት ጠባብ ክፍል፥ መዝገብ፥ ቍልፍ ያለው ሣጥንና ስልክ ነው። ይህችም ጥቂት ወጭ ሌላው ታላቅ ወጭ ለታሰበለት ሰው እንዲደርስ ታደርጋለች። ቦይ የሌለው ምንጭ ማሳውን አያጠጣም።

ሦስተኛው፥ «ምስጢርን መስማትና መምከር የንስሐ አባት ሥራ አይደለምን?» የሚል ነው። ኀጢአትን ሰምቶ ቀኖና መስጠት የካህን ሥልጣን ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ማኅበራዊ ሠራተኛ የሚሰማው ስለ ቤት ኪራይ፥ ስለ መታወቂያ፥ ስለ ሕመም፥ ስለ ግፍ ነው። ካህኑ ለንስሐ ልጁ ይጸልይለታል፤ ነገር ግን በየጽሕፈት ቤቱ እየዞረ ጉዳዩን ሊያስፈጽምለት አይችልም። ሁለቱ ቢተዋወቁና ቢላላኩ ግን ልጁ በሁለት ወገን ይጠበቃል። በርግጥ ሠራተኛው የሰማውን የሚያወራ፥ በችግረኛው ድካም የሚነግድ፥ ወይም ርዳታን አስታክኮ ሰውን ከሃይማኖቱ የሚያናውጥ እንዳይሆን ሕግ ሊደረግለት ይገባል።

አራተኛው፥ «ይህ ሰውን ስንፍና ያስተምረዋል» የሚል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ የገሠጸው ሊሠራ የማይወድደውን ነው፤ ሥራ ፈልጎ ያጣውን፥ መንገድ የጠፋበትን፥ የታመመውን አይደለም። ደግሞስ በንባብ ቤት ተቀምጦ መጽሐፍ የገለጠ ድኻ እንዴት ሰነፍ ይባላል? መውጫ መንገድ ፍለጋ የመጣ ነው እንጂ።

፮. ከኛ ምን ይጠበቃል?

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው እንደ ተናገረው፥ የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ባለጸጋ ሳትሆን 3,000 መበለቶችንና ደናግልን በመዝገብ ይዛ በየዕለቱ ትረዳ ነበር። ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሳርያ ከተማ ዳር ለድኾች፥ ለሕሙማንና ለእንግዶች ቤት ሠርቷል። ስለዚህ መንግሥትን ስንለምን እጃችንን አጣጥፈን አይደለም።

በመጀመሪያ፥ የሰበካ ጉባኤያትና የሰንበቴ ማኅበራት ስለዚህ ጉዳይ ተመካክረው ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ያቅርቡ። ብቻቸውንም አይሁኑ። ወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቅሬ ተደራጅቶ ሬሳ የሚያነሣበት፥ ልቅሶ የሚደራረስበት ሀገር ነው። ለሙት የሚተባበር ቅሬ ለሕያው ልጅ ቢተባበር ምን ያግደዋል? የቅሬ ዳኞች፥ ካህናትና የመስጊድ አባቶች በአንድነት ቢለምኑ ልመናው ይሰማል። በሁለተኛ ደረጃ፥ ሠራተኛ ሲመደብ እንደ ሐዋርያት ሥርዓት በሕዝብ ዘንድ መልካም ስም ያለው፥ ሙያውን የተማረ፥ የሰፈሩን ሰው አነጋገር የሚያውቅ፥ ለመስቀል አንጋቹም ለጨረቃ አማኙም እኩል የሆነ ይሁን። ከሴቶች ወገን ብትመረጥም የተሻለ ይሆናል፤ ለወንድ የማይነገር መከራ ያለባቸው ብዙ ናቸውና። በሦስተኛ ደረጃ፥ በየአድባራቱ ያሉትን የመጻሕፍት ቤቶች ለወጣቱ እንክፈት፤ የተቸገረውንም አንባቢ ስናገኝ በስሙ ጠርተን ወደሚረዳው ሰው እንላክ። በአራተኛ ደረጃ፥ የተመደበው ገንዘብ ለተመደበለት ሥራ መዋሉን እንጠይቅ፤ የመበለት ድርሻ ሲጠፋ ዝም ማለት ከሚያጠፋው ጋር መተባበር ነውና።

በደሴ ከተማ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ታላቅ አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል። ስሙ የተሰጠው መኳንንቱንም ድኻውንም፥ ክርስቲያኑንም እስላሙንም ሳይለይ ለግብር ያስገባ ስለ ነበረ ነው። ግብሩ ቀርቷል፤ ስሙ ግን ለከተማዪቱ አደራ ሆኖ ቆሟል። በአይጠየፍ የሚጋበዘው ሰው በግብር ቀን ብቻ ይበላ ነበር፤ ቤተ መጻሕፍት ግን በየዕለቱ የሚዘረጋ ገበታ ነው። በዚህ ገበታ ላይ የተቀመጠውን ድኻ ልጅ ማንም አይጠየፈው፤ ከአጠገቡም ቀርቦ «ያነበብኸው ገባህን? ምንስ ጐደለህ?» ብሎ የሚጠይቀው አይታጣ።

ያ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ፊልጶስ በአጠገቡ ስለ ተቀመጠለት ደስ እያለው ወደ ሀገሩ መንገዱን ሄደ። ዛሬም በደሴና በኮምቦልቻ በየንባብ ቤቱ ደስ ሳይለው የሚወጣ ልጅ ብዙ ነው። ፊልጶስን ወደ ሠረገላው የላከ መንፈስ ቅዱስ የሹማምንቱን ልብ ለድኻው ያራራ፤ የካህናቱንና የሕዝቡን ምክር አንድ ያድርግ፤ ለቤተ መጻሕፍቶቻችንም አገልጋይ አያሳጣቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።